የጨው መኪና ቀለም

አክስቴ ረሂማ አንድ ነገር ስትመረምር ትንፋሿን ትይዛለች። ልማዱ ከፋብሪካ የቀረ ነው። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በልጅነቷ ገብታ እስከ ጡረታዋ የሠራችው አንድ ሥራ ነበር፤ መብራት ከበራበት ሰፊ ገበታ ፊት ቆማ ከላይ ወደ ታች የሚወርደውን ጨርቅ ማየት። የተበጠሰ ክር፣ የሳሳ ቦታ፣ የዘይት ጠብታ ስታገኝ በጠመኔ ምልክት ታደርግበታለች። ዛሬም ሰው ቤት ለጥየቃ ሄዳ መጋረጃው ላይ የዘለለ ክር ካየች ከዚያ በኋላ የሚወራው ነገር ጆሮዋ አይገባም።

ባሏ ጋሽ ሚስባህ ግን የዓይን ሳይሆን የጆሮ ሰው ነው። የነገሩትን ሁሉ ይሰማል፣ የሰማውን ሁሉ ያምናል፣ ሌላ ሰው መጥቶ ሌላ እስኪነግረው ድረስ ደግሞ ባመነው ነገር ይምላል። አሮጌ አይሱዙ አለችው። ከአፍዴራ ጨው ጭኖ በባቲ በኩል ኮምቦልቻ ያራግፋል፤ ከኮምቦልቻ ደግሞ የተገኘውን ጭኖ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጥቶ ደሴ ይገባል። እኔ የአክስቴ የእህት ልጅ ነኝ። ደሴ ትምህርቴን ከጨረስኩ ወዲህ እነሱ ጋ ስለምኖር ይህን ታሪክ ያየሁት ከግቢው ሳልወጣ ነው፤ ለቀለም ግዢ ደሴ ከተመላለስኩበት በስተቀር።

ጨው ለመኪና መርዝ ነው። ከማዳበሪያው የሚንጠባጠበው ውሃ በጣውላው ስንጥቅ ያልፍና ሻንሲው ላይ ይቀመጣል። ሻንሲ ማለት ጭነቱንም ሞተሩንም የተሸከመው፣ ጎማዎቹ የተያያዙበት ረጅሙ የብረት አጥንት ነው። ባለፈው ክረምት ማብቂያ ሁዘይፋ የሚባለው በያጅ የላላ የጭስ ማውጫ ሊያጠብቅ ግቢያችን መጥቶ ከመኪናዋ ስር ገባ። እንዲያው እጁ አላርፍ ብሎት ሁለቱን የሻንሲ ብረቶች የሚያገናኘውን መስቀለኛ ብረት በካቻቢቴ ነካ አደረገው። ካቻቢቴው ዘልቆ ገባ።

«ጋሽ ሚስባህ» አለ ከስር ሆኖ፣ «ይቺ መኪና በምን ተያይዛ ነው የምትሄደው?»

«በአላህ ፈቃድ» አለ ጋሽ ሚስባህ።

«እሱማ ዓይንም ሰጥቶህ ነበር» አለች አክስቴ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ጎንበስ ብላ አየች። ቀዳዳው ዙሪያ ያለው ቀለም ጥቁር ነው፤ ያብለጨልጫል። ጋሽ ሚስባህ ለዓመታዊው ምርመራ ብሎ በአንድ ከሰዓት፣ ከነጭቃው ከነጨዉ ላዩ ላይ ያስነፋው ነው። ከቀለሙ ስር ብረቱ እንደ ደረቀ ቂጣ ይፈረፈራል።

አክስቴ አልጮኸችም። ወደ ጋቢናው ሄዳ ቁልፉን ነቀለችና ጉያዋ ከተተችው።

«ወላሂ፣ ይሄ ብረት ተበይዶ፣ ተጠርጎ፣ ደህና ቀለም ካልተቀባ በሐረጎ አትወጣባትም። እዚያ ገደል ገብተው የቀሩትን እየዞርኩ ለቅሷቸውን የምደርስ እኔ ነኝ። የአንተን ለቅሶ ለሰው አላስደርስም።»

ጋሽ ሚስባህ ወደ እኔ ዞሮ «አየሽ አይደል? መኪና ተበላሸ ሲሏት ቀበረችኝ» አለ። ግን ቁልፉን አልጠየቀም።

ሁዘይፋ የበሰበሰውን ቆርጦ አዲስ ብረት በየደ። የቀረው ቀለም ነበር። ቀለም መምረጥ ከባድ አይመስልም። ለሌላ ሰው ከባድ ላይሆንም ይችላል። በግንድ ላይ ተሰቅላ ሆዷ የሚታይ መኪና ግቢ ውስጥ ካለች ግን በር ላይ የሚያልፈው ወንድ ሁሉ ይገባል። ሰላም ይላል፣ ማሻአላህ ይላል፣ ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ከዚያ ያለ ክፍያ ይመክራል።

የጋሽ ሚስባህ የመንገድ ጓደኛ ደምለው የሬንጅ ሰው ነው። «አቅልጠህ ድፋባት! አገር የሚሄድበትን መንገድ የቻለ ሬንጅ ያንተን አይሱዙ አይችልም?» ይላል። ጎረቤታችን ከመስጊድ ሲመለሱ ቆም ብለው የራሳቸውን የብረት በር አሳዩን፤ «ስንት ክረምት አሳልፏል፤ እናንተም በበር ቀለም ቀቡት» አሉ። ሁዘይፋ ደግሞ በሁሉም ይስቃል።

«ቀለም ለላይ ነው። ለስር የተቃጠለ ዘይት ነው።»

ይህ የሾፌሮቻችን የቆየ ልማድ ነው። ከሞተር የወጣውን ጥቁር ዘይት ሻንሲው ላይ ይለቀልቁና መኪናዋን ወዲያው ባቲ መንገድ ይዘው ይወርዳሉ። አቧራው ዘይቱ ላይ ይጋገራል፤ እንደ ቅርፊት ይሆናል። አቧራ ማብላት ይሉታል። ጋሽ ሚስባህ ይህን ሲሰማ ፊቱ ይበራል፤ አባቱም እንዲሁ ያደርግ ነበር።

መጀመሪያ ግን ጥቁር የሚያብለጨልጭ ቀለም እንድገዛ ወደ ደሴ ላከኝ። ፒያሳ ካለ አንድ ሱቅ ገዛሁ። ጣሳዎቹን እግሬ ስር አድርጌ በሚኒባስ ሐረጎን ስወርድ ስልኬ ጮኸ።

«ፊርዱ፣ የት ደረስሽ?»

«ሐረጎ ላይ ነኝ ጋሼ።»

«ጥቁሩን ተይው። ሬንጁ ይሻላል ተብሏል።»

«ገዝቼዋለሁ እኮ ጋሼ።»

«መልሺዋ! ምን ችግር አለው?»

ድምፁ ጎላ ያለ ስለነበር ተሳፋሪው ሁሉ ሰማ። ሹፌሩ በመስታወቱ እያየኝ «እህት፣ ላዙርልሽ?» አለ፤ ሳቁብኝ። በማግስቱ ጣሳዎቹን ተሸክሜ ተመለስኩ። ባለሱቁ በሬንጅ ቀየረልኝ። ቤት ስደርስ ጋሽ ሚስባህ የጎረቤታችንን በር በጥፍሩ እየፋቀ ነበር። ሐሳቡ ተቀይሯል። ሬንጁን ይዤ እንደገና ስሄድ ባለሱቁ መነጽሩን አወለቀ።

«እህቴ፣ አባትሽ የሚቀቡት መኪና ነው ወይስ ሐሳባቸውን?»

አባቴ አይደለም ብል እንኳ ምን ይጠቅመኛል?

አክስቴ ይህን ሁሉ ስታይ ሰነበተችና አንድ ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። የተመለሰችው ኩኩን ይዛ ነው። ኩኩ ቦርከና ወንዝ አጠገብ መጋዘን ተከራይታ የብረት አልጋና የወፍጮ ማሽን የምትቀባ፣ ቁጡ፣ ቀጭን ሴት ናት። ሰላምታዋ አጭር ነው። ከመኪናዋ ስር ገባች፣ ሻንሲውን በሌባ ጣቷ ዳበሰች፣ ጣቷን ላሰች።

«ጨው አለ። ይታጠብ።»

«በስመአብ! ትልሰዋለች!» አለ በር ላይ የቆመው ደምለው።

ታጠበ። ውሃው በቱቦ ተለቀቀ፣ ብረቱ በሽቦ ብሩሽ ተፋቀ፣ ፀሐይ መታው። ኩኩ መጣች፣ ዳበሰች፣ ላሰች።

«አሁንም አለ።»

«ኧረ አቦ፣ ወጥ ነው እንዴ የምትቀምሺው?» አለ ጋሽ ሚስባህ። «ትንሽ ጨው ቢኖርስ?»

«ጋሽ ሚስባህ፣ ጨው ላይ ከቀባሁ ቀለሙ ጨዉን ይሸፍንልዎታል እንጂ አያወጣልዎትም። ከውስጥ ሆኖ ይበላዎታል። እንደ ድሮው።»

እንደገና ታጠበ። ሲፋቅ፣ ሲታጠብ፣ ሲደርቅ፣ ጋሽ ሚስባህ የሰማውን ምክር ሁሉ በየተራ አቀረበላት። ሬንጅ ወፍራም ነው፣ ጠጠር ሲመታው ይሰነጠቃል፤ የጨው ውሃ በስንጥቁ ይገባና መውጫ ያጣል፤ ከጎማ በላይ ላለው ቆርቆሮ ይሁን፣ ለሻንሲ አይሆንም አለችው። የበር ቀለምስ?

«የበር ቀለም ለበር ነው። በር ባቲ አይሄድም።»

አክስቴ ሳቋ አመለጣት። ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር ስትስቅ ካየኋት።

ኩኩ የመረጠችው ከማጠንከሪያ ጋር የሚደባለቀውን ኢፖክሲ የሚባለውን ቀለም ነው። መጀመሪያ ፀረ ዝገቱ ይቀባል፤ እሱ በደንብ ከደረቀ በኋላ ላዩ ላይ ጠንካራው ቀለም ይነፋል። ሐሙስ ዕለት ፀረ ዝገቱን ቀባችው። ሻንሲው ቀልቶ ጡብ መሰለ። «ማንም እንዳይነካው» ብላ ሄደች። ይህን ስትል ያየችው ጋሽ ሚስባህን ነው።

ዓርብ ከጁምዓ ሲመለስ ደመና አየ። አክስቴ ገበያ ሄዳለች፤ እኔ ውስጥ ነበርኩ። ዝናቡ ሳይመጣ ቀረ። ቅዳሜ ጠዋት ኩኩ የቀለም መንፊያ ኮምፕረሰሯን በጋሪ አስጭና መጣች፤ ከመኪናዋ ስር ገባች፤ እጇን ሻንሲው ላይ ስታሳርፍ አዳለጣት። ወጥታ መዳፏን አየችው። ጥቁር ነው። ባልዲ ደፍታ ተቀመጠች።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ጋሽ ሚስባህ። ሊመሰገን የሚጠብቅ ሰው ፊት ነበረው። «ዝናብ መጣ፣ ብረቱ ያለ ልብስ ነው፤ እንዴት አስችሎኝ ልተወው? ትንሽ ዘይት ለቅለቅ አደረግኩለት። አንቺም እንዳትደክሚ።»

«ጋሽ ሚስባህ።»

«አቤት።»

«ዘይት ላይ ቀለም ይዞ ያውቃል?»

«ዘይትስ ቢሆን ቀለም አይደል?»

ኩኩ ብድግ ብላ የኮምፕረሰሯን ቱቦ መጠቅለል ጀመረች። የጋሽ ሚስባህ ፊት ገና አሁን እየጠቆረ መጣ። ያን ሁሉ ብረት በብሩሽ እየዞረ፣ በጀርባው ተኝቶ፣ የጁምዓ ልብሱን አበላሽቶ የቀባው ለመኪናዋ አዝኖ ነው። በእሱ መናደድም ያስቸግራል። ግን ተናደድን።

አክስቴ ኩኩን በሩ ላይ ደረሰችባት።

«እትዬ ረሂማ፣ ይተዉኝ። እኔ ሰው የማይሰማበት ቦታ አልሠራም።»

«ልክ ነሽ። ሂጂ ልልሽ ነበር። ግን አንቺ ከሄድሽ እሱም ይሄዳል። አንቺ ወደ ቤትሽ፣ እሱ ወደ ሐረጎ።»

ኩኩ መኪናዋን ዞር ብላ አየች። ከዚያ ጋሽ ሚስባህን አየች፤ እጁን ከኋላው ደብቆ ቆሟል።

«ያለ እርስዎ ማንም ግቢው ውስጥ እንዳይገባ» አለች ለአክስቴ። «ምክር ያለው ሰው በር ላይ ይምከር።»

ዘይቱን በቤንዚን ጠረግን፣ በሳሙና አጠብን፤ ከዘይቱ ጋር የተቦካውን ፀረ ዝገት ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅን። አክስቴ እጅጌዋን ሰብስባ ከስር ተኝታ ትፍቃለች። ጋሽ ሚስባህ ውሃ ያመላልሳል፤ በየጄሪካኑ «አስተግፊሩላህ» ይላል፣ ለዘይቱ ይሁን ለውሃው ክብደት አላወቅኩም። ሁሉም ከመጀመሪያው ተጀመረ። ኩኩ ጣቷን ላሰች። ፀረ ዝገቱ እንደገና ተቀባ። አክስቴ ምንጣፏን አውጥታ መኪናዋ አጠገብ ተቀምጣ ጠበቀችው።

«ላዩ ጥቁር ነው አይደል?» አለች ኩኩ ሲደርቅ። ለወግ ያህል ነው የጠየቀችው። የሁሉም መኪና ስር ጥቁር ነው።

«አይደለም» አለች አክስቴ።

ጋሽ ሚስባህ ጄሪካኑን አስቀመጠ።

«ፋብሪካ እያለን» አለች አክስቴ፣ «ጥቁር ጨርቅ የመጣ ቀን እናለቅስ ነበር። መብራቱ ሁሉ በርቶ ዓይናችን እስኪቀላ ብናይ ጉድፉ አይታይም። ነጩ ላይ ግን ያችን ታህል ክር ብትጎድል ትጠራሻለች። ይሄንንም ብረት ሲበሰብስ ያላየነው ጥቁር ስለተቀባ ነው። እኔ የሚሸፍን አልፈልግም። የሚያሳይ ነው የምፈልገው።»

ኩኩ አሰበችበት። «ነጭ ወዲያው ይቆሽሽብዎታል። ፈዛዛ ግራጫ ላድርግልዎት። የማያብለጨልጭ። የሚያብለጨልጨው መብራት እየመለሰ ዓይን ያታልላል።»

«ያ ረቢ! ሰው ምን ይላል?» አለ ጋሽ ሚስባህ። «ሻንሲ ጥቁር ነው! ጥቁር ሆኖ ነው የተፈጠረው!»

«ብረት ሆኖ ነው የተፈጠረው» አለች አክስቴ።

ግራጫውን ልገዛ ስወጣ ጋሽ ሚስባህ እስከ በሩ ሸኘኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ፊርዱዬ፣ አጣሁት በያት። ያለው ጥቁር ብቻ ነው በያት» አለኝ። ባለሱቁ ሲያየኝ ገና ከሩቁ ፈገግ አለ። ግራጫውን ገዝቼ ተመለስኩ፤ ጣሳዎቹን አክስቴ እግር ስር አስቀመጥኩና ወደ ውስጥ ገባሁ። ጋሽ ሚስባህ እስከ ማታ አላናገረኝም።

ኩኩ ነፋችው። ሲደርቅ የመኪናዋ ሆድ እንደ ማለዳ ሰማይ ፈዘዘ። አክስቴ ቁልፉን ከጉያዋ አውጥታ መለሰችለት፤ አንድ ውል ጨምራ ነው። ከእያንዳንዱ የጨው መንገድ ሲመለስ መኪናዋ ታጥባ፣ እሷ ከስር ሳታይ፣ ሐረጎን አትወጣም።

መንገድ ላይ የደረሰበትን መገመት አይከብድም። ደምለው ባቲ ምሳ ቤት በር ላይ ቆሞ ሰው ጠርቶ አሳየ።

«ኑ እዩ! ሚስባህ መኪናውን ሱሪ አልብሷታል! ሰውዬ፣ ልትድራት ነው?»

ጋሽ ሚስባህ ይህን እቤት መጥቶ ነገረን። ሲነግረን ግን አክስቴ አልሰማችውም፤ ማዳበሪያ አንጥፋ፣ ባትሪ ይዛ፣ ከመኪናዋ ስር ገብታለች። እግሯ ብቻ ይታያል። ትንፋሿን ይዛለች።

«ሱብሃነላህ! መንገድ ላይ ትራፊክ፣ ቤት ትራፊክ!»

«እዚህ ጋ ቡኒ ነገር አለ» አለች ከስር።

«ጭቃ ነው።»

በእርጥብ ጨርቅ አሸችው። ጭቃ ነበር። በሚቀጥለው ምልልስም ቡኒ ነገር አገኘች፤ ጭቃ ነበር። ከዚያ በኋላም እንዲሁ። ጋሽ ሚስባህ ለሰው «ሚስቴ የባቲን ጭቃ በስሙ ታውቀዋለች» ማለት ጀመረ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ባትሪ መያዝ ሰልችቶኝ ነበር።

ኅዳር ውስጥ አንድ ቀን ጋሽ ሚስባህ ሲሚንቶ ለደሴ ሊጭን ነው። ጨዉን አራግፎ፣ መኪናዋን አሳጥቦ መጥቷል። ባለሲሚንቶው ነጋዴ በስልክ ይጣራል። አክስቴ ከስር ናት።

«ቡኒ ነገር አለ።»

«ጭቃ ነዋ! ረሂምዬ፣ በአላህ፣ ሰውዬው እየጠበቀኝ ነው!»

እጇን አውጥታ ጨርቁን ጠየቀችኝ። አጥቤ ሰጠኋት። ስታሽ ሰማሁ። ቆመች። እንደገና አሸች።

«የሀፊዝ አባት» አለች። ሀፊዝ አዳማ የሚሠራው ልጃቸው ነው፤ ባሏን በእሱ ስም የምትጠራው ሲጨንቃት ብቻ ነው። «ና ግባ።»

ጋሽ ሚስባህ እያጉረመረመ ገባ። እኔም ተንበርክኬ አየሁ። ሁዘይፋ ከበየደው ብረት ጫፍ ጀምሮ፣ ግራጫው ላይ፣ በእርሳስ የተሰመረች የምትመስል ቀጭን ቡኒ መስመር ወርዳለች። ጨርቁ ሲያልፍባት አትጠፋም። ጋሽ ሚስባህ በጥፍሩ ተከተላት። ጥፍሩ ገባ።

ስልኩ ኪሱ ውስጥ ይጮሃል። አላነሳውም። ሲወጣ ጉልበቱን ሳያራግፍ በቀጥታ ሁዘይፋ ጋ ሄደ።

ሁዘይፋ መጥቶ አይቶ ፉጨት አሰማ። ብየዳው አጠገብ ሻንሲው መሰንጠቅ ጀምሯል፤ ሲሚንቶ ጭኖ ሐረጎ መታጠፊያ ላይ ቢሆን ኖሮ ይከፈት ነበር አለ። አክስቴ ከዚያ በላይ አላስጨረሰችውም። ብረት ደግፎ ሲበይድ ሲሚንቶው በሌላ መኪና ወጣ። ኩኩ ተጠርታ መጣች፤ የተቃጠለውን ፍቃ፣ ጣቷን ልሳ፣ ቀባችው።

ጋሽ ሚስባህ ያን ቀን እራት ላይ «ቀለሙ ጥሩ ነው» አለ። አክስቴ «ብላ» አለችው።

በሳምንቱ ከጨው መንገድ ሲመለስ ደምለው አብሮት ወደ ግቢ ገባ። የእሱንም መኪና ሊያስቀባ አስቧል። ጋሽ ሚስባህ አንድ እጁን ጎማው ላይ አሳርፎ ያስረዳዋል።

«ጥቁር እንዳትሞክር። ጥቁር ይሸፍናል። እኔ መጀመሪያውኑ ግራጫ ነው ያልኩት፤ ፈዛዛ ግራጫ፣ የማያብለጨልጭ። ሰው ሳቀብኝ፣ አንተም ስቀሃል። ሬንጅ ሲሉኝ እምቢ፣ ዘይት ሲሉኝ እምቢ!»

«ዘይትም እምቢ ብለሃል?» አለ ደምለው።

«እንዴታ! ዘይት ላይ ቀለም ይይዛል እንዴ?»

እኔ ባትሪውን ይዤ መኪናዋ አጠገብ ተንበርክኬያለሁ። ወደ አክስቴ ጎንበስ ብዬ «ሰማሽው?» አልኳት በሹክሹክታ። በጀርባዋ ተኝታለች፤ ጉንጯ ላይ የውሃ ጠብታ አለ። ዓይኗን ከብረቱ አልነቀለችም።

«ይበል» አለች። «በይ እኔ ስወጣ መኪናዋን ትንሽ ወደፊት ፈቀቅ ያድርጋት በዪው። ጎማው ሸፍኖብኝ ከኋላው ያለው አልታየኝም።»